ወይኒቱ፣ ወይራውና ያልታጠነው ጋን

ተረት አለችኝ፤ አጭር ናት። ዝም ብላችሁ ስሙ።

ድሮ፣ ዛፍም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ሽመክት የሚባል ገበሬ ነበረ። ከማሳው ዳር ያረጀ ወይራ ቆሟል። በወይራው ላይ ወይኒቱ ተጠምጥማለች። ሽመክት ወይኑን ይጨምቃል፣ ጋን ይሞላል፣ ይከድናል። ሲከፍተው ኮምጣጤ ነው።

አንደኛው ዓመት፣ «ፀሐዩ ነው» አለ። ደፋው።

ሁለተኛው ዓመት፣ «ክዳኑ ነው» አለ። ደፋው።

ሦስተኛውም ዓመት ኮመጠጠ። አዲሱ ዘለላ ሲበስል ወይኒቱ ጮኸች።

«የወይራው ጥላ ነው! ምሬቱን እያጋባብኝ ነው። ቁረጥልኝ!»

ሽመክት ምሳሩን ሳለ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ወይራው።

«ቆመሃል» አለች ወይኒቱ።

በዚያው ቀን የሽመክት እህት የሻረግ ልትጠይቀው ከደጋ ወረደች። በአህያ ጭና ያመጣቻትን እንስራ ከጋኑ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እንደምን ከረምክ፣ ጋኖ?» አለች እንስራዋ።

«ምን ክራሞት አለ! ሆዴን ይኮመጥጠኛል።»

«እስቲ ተንፍስ። ኧረ! ምነው አፍህ ጭስ ጭስ አይልም?»

«የምን ጭስ? እኔ ጋን ነኝ እንጂ ምድጃ ነኝ?»

«የወይራ ጭስ ነዋ! ሳትታጠን ነው ሦስት ዓመት የተሞላኸው?»

እንስራዋ ከት ብላ ሳቀች። ጋኑ አልሳቀም። ከማሳው ዳር ድምፅ ሰማ። ቋ!

«እትዬ የሻረግ፣ ድረሺ! ጥፋቱ የእኔ ነው! አልታጠንኩም!»

የሻረግ ሮጠች።

ቋ! ሁለተኛው አረፈ። ወይራው ሲናወጥ ወይኒቱ ከነዘለላዋ ተንጠለጠለች። «ወይኔ! ወይኔ!»

«አዎ፣ የእኔ ወይን ነሽ፤ ምን ሆንሽ?» አለ ሽመክት።

«ልወድቅ ነው! የያዘኝ እሱ ነው!»

ለሦስተኛው ምሳሩን እንዳነሳ የሻረግ ደረሰች።

«ወንድም ጋሼ! ጋኑን በምን አጠንከው?»

«በምንም።»

«በምንም! ደግሞ ማጠኛውን ልትቆርጥ!»

ሽመክት ምሳሩን አወረደ። የወይራውን ቁስል በጭቃ ለጠፈ። አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ሰብሮ ጋኑን አጠነ። ጨመቀ፣ ሞላ፣ ከደነ። ሲከፍተው ወይን ነው። ሸለቆው ሁሉ እፎይ አለ።

ከዚያ ወዲያ ወይራውን ነፋስ እንኳ ሲገፋው፣ «ወይኔ!» ብላ የምትጮኸው ወይኒቱ ናት።

ልጆች፣ ምሳር ከማንሳታችሁ በፊት ጋናችሁን አሽትቱ። ተረቴ ሞላች፤ ክዳኗን ግጠሙ።