ጎርፉን ከነመርገሙ የሰጠው ግራዝማች

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። የዛሬዎቹ ላሞች ግን በረት አልቆዩም፤ ወጥተው አንድ ተራራ በሉ።

በድሮ ዘመን ግራዝማች ጓንጉል የሚባል ባላባት ነበረ። ከብቱ ሦስት መቶ፣ ጭንቅላቱ አንድ። እሱንም ጥምጥም ከመጠምጠሚያነት ሌላ ሥራ አልሰጠውም። ጠመሌ የሚባለው ተራራ ርስቱ ነበር። ዛፉን ቆርጦ አዳራሽ ሠራ። የተረፈውን አክስሎ ሸጠ። ሣሩን ከብቶቹ ጋጡት። ሣሩ ሲያልቅ ሥሩን ጋጡት። ተራራው መላጣ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ፣ በጋ ሲመጣ ጥም ሆነ።

ከተራራው ሥር ሦስት ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር። አባ ተገኜ የውሃ ወፍጮ ነበረው፤ ወንዙ ደረቀና ወፍጮው ቆመ። አያ ደምለው ንብ ያነብ ነበር፤ አበባ ጠፋና ንቦቹ ኮበለሉ። እትዬ አጓጉሽ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ የሸክላ አፈሯን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው።

ሦስቱ ተቀምጠው ተማከሩ።

«ጥፋቱ የግራዝማች ነው» አለ አባ ተገኜ።

«የእኛም ነው» አለች እትዬ አጓጉሽ። «ገንቦ ለመተኮስ ስንት እርጥብ እንጨት ቆርጫለሁ! አንተስ ደምለው፣ ለቀፎ ስንት ዛፍ ላጥክ?»

አያ ደምለው አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ተራራውን ስጠን እንበለውና እናድነው» አለ።

«ደግ ነገር ብንለምነው አይሰጠንም» አለች። «መርገም እንለምነው።»

ግራዝማች ዋርካው ሥር ከሽማግሌዎች ጋር በተቀመጠበት ቀን ሦስቱም ሄዱ። እትዬ አጓጉሽ እጅ ነሳችና «ጌታዬ፣ ጎርፉ ቤታችንን ሊወስድ ነው። ያንን መላጣ ተራራ ይስጡንና ድንጋይ እንደርድርበት» አለች።

ግራዝማች ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጭቃ ለዋሽ ተራራ ለመነች! ምን ልትበይበት ነው፣ ድንጋይ?»

«ድንጋይም ቢሆን ጌታዬ። የሚወርደው ውሃስ የማን ይሁን?»

«ንጉሥ ይሙት! ተራራውም፣ ከእሱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ከነመርገሙ፣ የእናንተ ይሁን! ሽማግሌዎች፣ ስሙልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሰሙ።

በመጀመሪያው ዓመት አባ ተገኜ መሪ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር የኖረ ሰው ነውና የድንጋይ ጠባይ ያውቃል። ከላይ እስከ ታች እርከን ሠሩ። ጎርፉ በየእርከኑ እየቆመ አፈሩን ማራገፍ ጀመረ። ግራዝማች በበቅሎ ሲያልፍ አየና ሳቀ። «ድንጋይ ዘሩ! አጨዳው መቼ ነው?»

በሁለተኛው ዓመት ወይራና ግራር ተከሉ። እትዬ አጓጉሽ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ትንንሽ ገንቦዎች ሠርታ በየችግኙ ሥር ቀበረች፤ እንጨት እንዳትቆርጥም ገንቦዎቹን በኩበት ተኮሰች። ግራዝማች አየና ሳቀ። «ገንቦ ቀበሩ! ተዝካሩ መቼ ነው?»

በሦስተኛው ዓመት ተራራው አበበ። ንቦቹ ተመለሱ፣ አያ ደምለውም ቀፎ ሰቀለላቸው። ሦስቱም ሕግ አወጡ፤ እርጥብ እንጨት አይቆረጥ፣ ሣሩ በማጭድ ይታጨድ እንጂ ከብት አይግባ። ግራዝማች አየና ሳቀ። «ለዝንብ ቤት ሠሩ!»

በዚያው ዓመት፣ በጥር፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ከጠመሌ እግር ሥር ምንጭ ፈለቀ። ወፍጮው ዞረ። የአገሩ ሰው እህሉን ተሸክሞ መጣ።

ግራዝማች መሳቁን ተወ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠና «ውሃው የኔ ነው! እኔ የሰጠሁት ጎርፍ ነው እንጂ ምንጭ አይደለም!» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ንጉሥ ይሙት ብለው የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ሰጥተዋል። ጎርፍ አደብ ሲገዛ ምንጭ ይባላል፣ ግራዝማች። ወይስ የንጉሡን ስም ያፈርሱታል?»

የንጉሡን ስም ማን ያፈርሳል? ግራዝማች ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። ፍርድ ቢያጣ ጉልበት አለኝ አለና በገበያ ቀን ሦስት መቶውን ከብት ራሱ እየነዳ ተራራው ላይ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ንብ አለ!» አሉት እረኞቹ።

«ዝንብ ነው!» አለና ቀፎውን በከዘራ መታው።

ዝንብ አልነበረም።

ከብቶቹ ጭራቸውን ሰቅለው ወደ በረታቸው በረሩ። ከጌታቸው እነሱ ይሻላሉ፤ መንገዱን አወቁ። ንቦቹ ካባው ውስጥ ገቡ፣ ካባውን ጣለ። እጀ ጠባቡ ውስጥ ገቡ፣ እጀ ጠባቡን ጣለ። ሱሪው ውስጥ ገቡ። ግራዝማች ጓንጉል፣ ያ ሁሉ ማዕረግ፣ እንደ ተወለደ ሆኖ ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሮጠና የወፍጮው ኩሬ ውስጥ ዘለለ።

እትዬ አጓጉሽ ከኩሬው ዳር ቆመች። «ግራዝማች፣ ይጠንቀቁ» አለች። «ውሃው ከነመርገሙ ነው።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባ ተገኜ ግን አዘነለትና የዱቄት ከረጢት ወረወረለት። ግራዝማች ያንን ታጥቆ፣ ፊቱ እንደ ቅል አብጦ ቤቱ ገባ። ከብቶቹን ግማሹን ሸጠ፤ ለቀሩት ሣር ሲፈልግ እንደ ማንም ሰው ማጭድ ይዞ፣ ጭቃ ለዋሽ ያላትን ሴት «እትዬ፣ ይፈቀድልኝ?» እያለ ኖረ። እሷም ትፈቅድለት ነበር፤ በማጭድ ብቻ።

ለዚህ ነው አባቶች «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚሉት።

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ ባታብሱትም፣ አንድ ዋንጫ ውሃ አትንፈጉኝ።