ጊዜው የማያልፍ ፈቃድ

አንድ ጥላውን የማያምን የሰሊጥ ነጋዴ ነበር፤ ደረበ ይባላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋ ተረት ከአፉ አትጠፋም። ለየመጋዘኑ የሚልከው የዕለት መግዣ ዋጋ ተፎካካሪ ጆሮ እንዳይገባ ብሎ፣ በኢንተርኔት ውስጥ ሌላ ሰው የማያየውን የግል መስመር፣ ቪፒኤን የሚሉትን፣ አስገጠመ።

ባለሙያዋ ሰናይት በየሠራተኛው ስልክ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ጫነች። ፈቃዱ በየሦስት ወሩ ጊዜው ያልፋል፤ ካልታደሰ አያስገባም። ደረበ ይህን ሲሰማ ጠረጠራ! ይቺ ልጅ እንጀራዋን ልታስረዝም፣ በየጊዜው ደጅ ልታስጠናን ነው አለ። ጊዜው የማያልፍ እንድታደርገው አዘዘ። አይሆንም ብትለውም አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት አደረገችው።

ብዙም ሳይቆይ የዋጋው ምስጢር መውጣት ጀመረ። ደረበ ጠዋት በላከው ዋጋ ላይ ተፎካካሪው ትንሽ ይጨምርና ሰሊጡን ከገበሬው ያፍሳል። መጀመሪያ የተጠረጠረው የመጋዘን ኃላፊው ቢሻው ነው። ቢሻው አበልጁ ነበር፣ ልጁን ክርስትና ያነሳለት። ምን ዋጋ አለው፣ በሠራተኛ ፊት ሌባ ብሎ አባረረው። ከዚያም ሾፌሩን ቀየረ፣ ጸሐፊዋንም ቀየረ። ዋጋው መውጣቱን አላቆመም።

በመጨረሻ ሰናይትን ጠርቶ አፋጠጣት። እሷም መስመሩን ስትፈትሽ፣ ዋጋውን በየጠዋቱ የሚያየው፣ ሰሊጥ ይገዛላቸው የነበረውና ወደ ተፎካካሪው የሄደው የቀድሞ ሠራተኛቸው ሆኖ ተገኘ። መሄዱን ማንም አልነገራትም ነበር።

«እሱማ ከሄደ ቆየ» አለ ደረበ።

«የሄደው ሰውየው ነው ጋሼ። ፈቃዱ ግን ዛሬም ስልኩ ላይ ይሠራል፤ ጊዜው እንዳያልፍ ያዘዙት እርስዎ ነዎት።»

የዚያኑ ዕለት የሁሉም ፈቃድ ተሰርዞ ባለ ሦስት ወሩ ተመለሰ፤ ዋጋውም መውጣቱን አቆመ። ደረበ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቢሻው ቤት ሄደ። ቢሻው ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። «መጋዘንህ ግን አልመለስም። ነገም አንድ ነገር ቢጎድል መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው።»



ወገኖቼ፣ መጠርጠር ክፋት የለውም፤ ሰውየው የተሳሳተው የሚጠረጠረውን ባለማወቁ ነው። የሰጠነው ቁልፍ ሁሉ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ሲደርስ በማን እጅ እንዳለ አይተን እናድሰው። ይህን ትተን ሰው ላይ ከዘመትን፣ ሌባው በተረሳው በር ይገባል፣ ወዳጃችን ደግሞ በዚያው ወጥቶ ይቀራል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከእናንተ ዘንድ ከሄደ ሰው እጅ ላይ የቀረ ቁልፍ የለም ወይ?