የጋሽ ገብረየስ ግፊት

አንድ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ታሪኩን ከሰው ስለሰማሁት አንዳንዱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ይሁን ሦስተኛ እርግጠኛ አይደለሁም። ስማቸው ግን አቶ ገብረየስ ነው።

ሚስታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ቁርጥማት ነበረባቸው። ጠዋት ጣቶቻቸውን በሙቅ ውሃ ካላፍታቱ የቀሚሳቸውን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችሉም። አቶ ገብረየስ በምድጃ አሙቀው እንዳያቀርቡላቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን ሊያቃጥሏቸው ነበር። ተስፋቸው ሁሉ መታጠቢያ ቤት ያለው ቦይለር ነው።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ሙቅ ውሃው ቀጠነ። ቆይቶ ክር አከለ። በመጨረሻ ጠብ ጠብ ብቻ ሆነ።

አቶ ገብረየስ ግራ ገባቸው። በዚያው ሰሞን ከታች የሚኖሩት ጎረቤታቸው አቶ ክንፈ የውሃ ፓምፕ ገዝተው ነበር።

«ውሃችንን የሚስበው ይኼ ሰውዬ ነው» አሉ።

«ኧረ በማርያም! ቀዝቃዛው እኮ ደህና ይወርዳል» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

«ፓምፑ ሙቁን መርጦ ቢስብስ? የዘንድሮ ዕቃ ምን የማይሠራው አለ?»

ከዚያ በኋላ አቶ ክንፈን ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ያልፉ ጀመር። አቶ ክንፈም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ሦስት ሳምንት ተጨንቀው ከረሙ። የወይዘሮ ውድነሽ ጣቶች ግን ታጥፈው ቀሩ። ባላቸው ያጎርሷቸው ጀመር።

በመጨረሻ ኑረዲን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ቦይለሩን መታ መታ አድርጎ አዳመጠና ደረጃው ላይ ወጥቶ ለባልደረባው ስልክ ደወለ።

«የጋሽ ገብረየስ ግፊት በጣም ወርዷል። ውስጥ ውስጡን ተደፍኗል። ብቻዬን የምችለው አይደለም፤ ቶሎ ድረስ!»

አቶ ክንፈ ይህን ከታች ሰሙ። ወዲያው ጨው የተበጠበጠበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«የታሉ? አስተኛችኋቸው? እግራቸውን ከፍ አድርጉላቸው!»

አቶ ገብረየስ በሩ ላይ ቆመዋል። «ማን ሞተ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ግፊትዎ ወርዷል ተባለ እኮ። እንኩ፣ ይጠጡ!»

«የውሃው ግፊት ነው፣ ጋሼ» አለ ኑረዲን ሳቁን እየዋጠ።

አቶ ገብረየስ እጃቸውን ዘረጉ። ብርጭቆውን ተቀብለው ጭልጥ አደረጉት። ለምን እንደጠጡት እሳቸውም አያውቁም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ የኑረዲንን ባልደረባ ሳይጠብቁ ሦስቱ ተጋግዘው ቦይለሩን አወረዱት። የሙቅ ውሃው መውጫ በነጭ ኖራ ተደፍኖ ነበር፤ ዓመት ከዓመት ሲፈላ የኖረው ውሃ የጋገረው ነው። ፓምፑ ምንም አላጠፋም። ኑረዲን ኖራውን ፍቆ ሲያወጣው ሙቅ ውሃው እንደ ድሮው ወረደ።

ወገኖቼ፣ ውሃ ሲቀጥን አስቀድመን የራሳችንን ቤት እንመርምር። ጥርጣሬም እንደ ኖራ ነው፤ ጥቂት በጥቂት እየተጋገረ ሙቀታችንን ይዘጋብናል። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ ሰላምታ የነፈጉት ሰው፣ ታመዋል ሲባል በአንድ እግር ጫማ የሚሮጥልዎ ቢሆንስ?

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ሙቅ ውሃው እንደገና ቀጥኗል አሉ። ወይዘሮ ውድነሽ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸውን የሚያፍታቱት ታች አቶ ክንፈ ቤት ነው፤ አቶ ገብረየስም ፎጣ ይዘው ይከተሏቸዋል።