የፍሬያ የወርቅ እንባ

ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀምጠው ነገሩ ሲከርባቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ሰምቷታል፤ ታሪኳን ግን የሚጠይቅ የለም። እኛ ዘንድ ማን እንደጀመራት እኔም አላውቅም። ብቻ በሰማኋት ቁጥር ትዝ የምትለኝ ከሩቅ ሰሜን፣ ከበረዶ አገር፣ በተረት የምትነሣ አንዲት ሴት ናት።

ፍሬያ ትባላለች። የጥንት የሰሜን ሰዎች የፍቅር አምላክ ናት ብለው ያመልኳት ነበር። ጋሪዋን የሚጎትቱላት ድመቶች ናቸው። የጭልፊት ላባ የለበሰ ካባም አላት፤ ስትደርበው ትበራለች። በፍቅር የተጎዳ ሁሉ ስሟን ጠርቶ ይለምናል፣ እሷም ትደርስለታለች። የሰውን ጎጆ ስታቃና ታድያ የራሷን ማየት አልሆነላትም። ጌጥ ነፍሷ ነው፤ ቁጣዋም ቅርብ ነው።

ባሏ ኦድ ዝምተኛ፣ እግሩ መንገድ የለመደ ሰው ነበር። ይሄዳል፣ ይሰነብታል፣ ይመለሳል። በቤታቸው ልማድ መንገደኛ ሲገባ ሚስት ደጅ ወጥታ ካባውን ትቀበለዋለች፤ እሳት ዳር አስቀምጣም ያየውን ታስወራዋለች። ፍሬያ መጀመሪያ መጀመሪያ እንዲህ ታደርግ ነበር። እያደር ግን ካባውን አገልጋይ ይቀበለው ጀመር። ኦድ እስኪ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ ሲላት፣ ነገ ትለዋለች። የት ይሄድብኛል ብላ ነው። እኔ በዚህ አልፈርድባትም፤ የት ይሄዳል ብሎ የተወው ሰው የሌለው ማን አለ?

አንድ ቀን በዋሻ አጠገብ ስታልፍ የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ገባች። አራት ድንክ አንጥረኞች አንድ የአንገት ሐብል ሠርተው እየወለወሉት ነበር። ሐብሉን ስታይ ሌላው ሁሉ ከዓይኗ ጠፋ። ብር ልስጣችሁ አለች፤ ወርቅም ልጨምር አለች። እነሱ ግን ሳቁባት። ብርና ወርቅ ለእኛ አፈር ነው፣ ሐብሉን ከፈለግሽ ከእያንዳንዳችን ጋር አንዳንድ ሌሊት እደሪ አሏት። ጥቂት አሰበች ይባላል። ከዚያ እሺ አለች።

ሐብሉን አጥልቃ ቤቷ ስትገባ ኦድን ከመንገድ ተመልሶ፣ ካባውን እንደለበሰ ቆሞ አገኘችው።

«ምን ሰጥተሽ አገኘሽው?» አላት።

መዋሸት አታውቅበትምና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ኦድ ሐብሉን ዞሮም አላየው፤ ፊቷን ብቻ ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና ወጣ። አልተከተለችውም። ድሮም የሚሄድ ሰው ነው፣ ድሮም ይመለሳል ብላ ሐብሏን በመስታወት ታይ ጀመር።

በረዶው ወርዶ ቀለጠ፤ ኦድ ግን አልመጣም። ፍሬያ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። ማልቀስ ጀመረች፤ መሬት የነካው እንባዋም ወርቅ ሆነ። ባሏን ፍለጋ አገር ላገር ስትዞር፣ ስሜን ከሰማ ይሸሸኛል ብላ በየደረሰችበት ስሟን ትለውጣለች። ሰዎች ግን በእንባዋ ያውቋታል። መጣች ሲባል ሳህንና ቅርጫት ይዘው ይወጣሉ። ኦድን አይታችኋል ወይ ስትላቸው፣ አንዱ ሞቷል ይላታል፣ ሌላው ሌላ ሴት አግብቷል ይላታል፤ ብቻ እንድታለቅስላቸው። እንባዋን የሚለቅም እንጂ አይዞሽ የሚላት አልተገኘም። አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

በመጨረሻ ከአንድ ባሕር ዳር ደረሰች። እዚያ አስገርድ የምትባል፣ ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረባት አሮጊት ትኖር ነበር። አስገርድ ሳህን ይዛ አልወጣችም። መሬት ላይ የወደቀውን ወርቅ በእግሯ ገፋ አድርጋ በርጩማ አቀረበችላት፤ ፊቷንም በሻሿ ጠረገችላት። ከዚያ አንድ ዝምተኛ መንገደኛ ቤቷ አድሮ እንደነበር፣ እንጨት እንደፈለጠላት፣ ውሃም እንደቀዳላት ነገረቻት።

«ሚስት የለህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እኔስ አለችኝ፤ እሷ ግን ባል እንዳላት እንጃ› አለኝ» አለች። «በማግሥቱ በጀልባ ተሻገረ። አልመለስም ብሎኛል።»

ፍሬያ ሐብሉን ከአንገቷ ፈትታ በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ይውሰዱት እናቴ። ይመለሳል ይበሉኝ ብቻ።»

አስገርድ ሐብሉን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችላት። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች።

«እኔም የኔን ሰው ደጅ ድረስ ሸኝቼው አላውቅም፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «ዘወትር ሲመለስ ስላየሁት ነው። ምን ይደረጋል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።»