የይበልጣል ቀይ ጽሑፍ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሰው «አረጋግጫለሁ፣ እንከን የለውም» ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ አጠገቡ ያለው አንዲት አባባል ጣል ያደርግበትና ሰው ሁሉ ይስቃል። ልጆች አባባሏ ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተወለደችው በቅርቡ፣ በአንድ የነሐሴ እሁድ፣ ይበልጣል በሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። አዋላጆቿም ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ።

ይበልጣል በሙያው አይታማም። የሞተ ኮምፒውተር ያስነሳል ይባልለታል። የሚታማበት ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ስለሚያወጡት እዚህ ላይ ቀድሞ ማማት ደግ አይደለም። ይህ ሰው እናንዬ የምትባል የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ሁለት ዓመት ከተዋደዱ በኋላ እናንዬ ቁርጡን ነገረችው።

«አባቴ ሳይመርቀን አላገባህም» አለችው። «አባቴ ደግሞ አንዴ እምቢ ካለ፣ ታቦት ቢቆምበት እሺ አይልም። ሽማግሌ ስትልክ አስበህ ላክ።»

አባቷ አቶ ምንይችል መርጡለ ማርያም የሚኖሩ፣ ለታላቅ እህቷ ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን ጠላ እንኳ ሳያስቀምሱ የሸኙ ሰው ናቸው። ይበልጣል ይህን ስለሚያውቅ እንቅልፍ አጥቶ ሦስት ሰው መረጠ። ነገር በማሳመር የታወቁት መሪጌታ ፍሬስብሐት የቡድኑ አፍ ሆኑ። ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር ጋሽ ተሻለ ተጨመሩ፤ እሳቸው እውነት ያነሰው ቦታ ላይ ሞልተው የሚያልፉ ናቸው። ሦስተኛው የይበልጣል ሟች አባት ጎረቤት የነበሩት ልብስ ሰፊው አቶ ውባንተ ናቸው፤ በዓመት ውስጥ የሚናገሩት ቃል በጣት ይቆጠራል።

ቀጠሮው ለእሁድ ተያዘ። ሐሙስ ዕለት ግን ዝናቡ መንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ ይዞት ሄደ። ቀጠሮ ያፈረሰ ሽማግሌ ደግሞ ቤቱን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ይበልጣል ልቡ ተሰቀለ። ደግነቱ እናንዬ አስቀድማ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ስለነበር፣ አባቷን ለምና በወንድሟ ስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲነጋገሩ አስፈቀደች። አቶ ምንይችል ቀጠሮ ቀጠሮ ነው አሉ።

አሁን የቀረው የመሪጌታ ጭንቀት ብቻ ነበር። ሽማግሌ በተላከበት ቤት ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ብሎ አይመልስም፤ «ፍቀዱልን» ይልና ወደ ደጅ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ተመካክሮ ይመለሳል። ከኮምፒውተር ውስጥ ወደየት ደጅ ይወጣል? ሙሽራው አጠገባቸው ሆኖ እንዳያግዛቸው ደግሞ ነውር ነው፤ ልጅ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ጠያቂው አይታይም።

ይበልጣል ሳቀ። ለዚህ ነው የተማርኩት ብሎ ቅዳሜን ሙሉ ተቀመጠ። የጻፈው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነበር፤ የሙያው ሰዎች ስክሪፕት ይሉታል። ሥራው ኮምፒውተሩን በየሁለት ሰከንዱ «ድምፅህ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» እያለ መጠየቅና መልሱን ስክሪኑ መሃል ላይ በትልልቁ መጻፍ ነው። ክፍት ከሆነ በአረንጓዴ፣ ዝግ ከሆነ በቀይ። የመሪጌታ ዓይን ደካማ ስለሆነ ፊደሎቹን የጡብ ያህል አደረጋቸው። ድምፁን የሚዘጋውና የሚከፍተው የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይም የፕላስተር ቁራጭ ለጠፈበት።

ከዚያ ሞከረው። ዘፈን ከፈተና ቁልፉን ተጫነ፤ ዘፈኑ ጸጥ አለ፣ ቀዩ መጣ። ደግሞ ተጫነ፤ ዘፈኑ ተመለሰ፣ አረንጓዴው መጣ። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመው። አንዴም አላሳሳተውም። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

እሁድ ረፋድ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ይበልጣል ነገሩን አስረዳቸው። ቀይ ሲሆን ያሻቸውን እንዲያወሩ፣ አረንጓዴ ሲሆን እንዲጠነቀቁ ነገራቸው። ጋሽ ተሻለ እንደ ትራፊክ መብራት ነው ብለው ወዲያው ገባቸው። ይበልጣል መስመሩን አገናኝቶ፣ ስልኩን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ኪሱ ከተተና ወደ ጓዳ ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ ጆሮውን ለጠፈ።

መጀመሪያው ላይ ትንሽ ተንገራገጩ። ሽማግሌ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥምና ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ቀሩ። ከወዲያ ማዶ የሚታየው ሦስት ጋቢ ብቻ ነበር። አቶ ምንይችል ጭንቅላት ያላቸው ሰዎች ከሆኑ እንዲቀመጡ ጋበዙ። ተቀመጡ። ከዚያ መሪጌታ አባቶችን ጠርተው፣ ዘር ቆጥረው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ብለው ጠየቁ። አጠያየቃቸው አንጀት ያርሳል። ይበልጣል ከበሩ ኋላ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አቶ ምንይችል በረዥሙ ተነፈሱና ሦስት ነገር ጠየቁ። ልጁ ቤት አለው? አባቱ በምን ሞቱ? ጠባዩስ?

«ይፍቀዱልን፣ ጥቂት እንመካከር» አሉ መሪጌታ። ጋሽ ተሻለ ፕላስተሩን ተጫኑ። ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ሁሉ እርጭ አለ። ቀዩ ጽሑፍ መጥቶ ስክሪኑ መሃል ተጋረጠ፤ ከትልቅነቱ የተነሣ የአቶ ምንይችልን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ሸፈነው። የቀሩት እጆቻቸው ብቻ ናቸው። እጆቹ ከመቅጽበት ወደ ላይ ተነሡና ይወናጨፉ ጀመር።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ከሚስታቸው ጋር እየተማከሩ ይሆናላ» አሉ ጋሽ ተሻለ። «ይኸው፣ ጭምት ናቸው ይሏቸው የለ? እኛ ስንዘጋ ነው የሚናገሩት። የሴት ወገን እንዲህ ነው፣ ይኮራል።»

ያን ጊዜ ምክክሩ ተጀመረ። ጋሽ ተሻለ ቤቱ ተሠርቶ አልቋል እንበል አሉ። መሪጌታ ተቃወሙ፤ ያለው መሠረት ብቻ መሆኑን፣ እሱም ሁለት ክረምት ሣር በቅሎበት የጎረቤት በግ እንደሚግጠው አስታወሱ። ጋሽ ተሻለ በጉን የበግ እርባታ አለው ብለው ሊያሳልፉት ፈለጉ። ቀጥለውም፣ አቶ ምንይችል ስስታም ናቸው ስለሚባል ቤት የሌለው አማች ሲሰሙ ደጃቸውን ይቆልፋሉ አሉ። እጆቹ ከቀዩ ጽሑፍ ግራና ቀኝ ይበልጥ ተወራጩ።

«የአባቱስ ነገር?» አሉ መሪጌታ።

ይበልጣል ከበሩ ኋላ አንገቱን አሰገገ። አባቱ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ተኝተው ነው የሞቱት። ይህ ከተሰማ በዘራቸው በሽታ አለ ተብሎ ጋብቻው ይፈርሳል ብሎ ይፈራ ነበር። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ፈርተው በድንገት ሞቱ ለማለት ተስማሙ።

«ጠባዩ ምስጉን ነው ማለት አይከብደኝም» አሉ ጋሽ ተሻለ። «እርግጥ አንድ ጉድ አለበት። ሰው አይጠይቅም። ሁሉን ብቻውን ነው የሚያውቀው። አምና የደንበኛውን የወርቄን አባት ለቅሶ ሲሄድ ቤቱን ጠይቅ ብንለው አውቀዋለሁ አለና ድንኳን አይቶ ዘው አለ። ወየው ወየው እያለ ደረቱን ሲደቃ፣ ለካ የክርስትና ድንኳን ኖሯል። አራሷ ራሷን ሳተች።»

መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑት። ጓዳ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱ ፍም መሰለ። ያን ቀን የተመታው ደረቱ እንደ አዲስ አመመው።

ያን ጊዜ አቶ ውባንተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩአቸው፤ ግድግዳ የተናገረ ያህል ነበር።

«እኔ ውሸቱ አልጣመኝም» አሉ። «እኔንና እሱን የሚለየን አንድ ግንብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቱን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ በማንኪያ የሚያጎርሰው ይኸው ልጅ ነው። ቤቱ መሠረት ላይ የቀረው ገንዘቡን መድኃኒት ስለበላው ነው። አንድ ቀን ሲያማርር አልሰማሁም። ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለማንም ሳልነግር እሰጠው ነበር።»

ከቀዩ ጽሑፍ ኋላ ያሉት እጆች መወራጨታቸውን ትተው ጉልበት ላይ አረፉ። ይበልጣል ያን ሁሉ ሌሊት ሰው ያየው አልመሰለውም ነበርና በቁሙ አለቀሰ።

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ግን እውነት ሁሉ ለሽምግልና አይሆንም። ክፈተው ተሻለ።»

ፕላስተሩ ተጫነ፣ አረንጓዴው መጣ፣ ድምፅ ተመለሰ። መሪጌታ ቀና ብለው መለሱ። ቤቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተሠርቶ አልቋል። አባቱ በድንገት፣ ጸሎት ላይ እንዳሉ አረፉ። ጠባዩ ጠያቂ፣ ለባለሙያ ሁሉ ትሑት ነው።

አቶ ምንይችል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ» አሉ። «ሣሩስ ታጨደ?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ተሻለ «የትኛው ሣር?» አሉ።

«መሠረቱ ላይ ያለው ነው የምላችሁ። ወይስ በጉ ጨረሰው?»

ጓዳ ውስጥ ይበልጣል ክው አለ። በአንዴ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። ኮምፒውተር የሰውን ድምፅ የሚያሰማበት አንድ በር አለው፤ የእኛን ድምፅ የሚወስድበት ደግሞ ሌላ በር አለው። እሱ ስክሪፕቱን ዝግ መሆኑን ያስጠየቀው የማሰሚያውን ብቻ ነው። ቁልፉም የሚዘጋው ያንኑ ነው። ሽማግሌዎቹ የተዘጋው ጆሯቸው ነበር፤ አፋቸው ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እናንዬ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች።

ነውሩን ረሳው። በሩን በርግዶ ወጣና በሦስቱ ሽማግሌዎች መሃል ተንበረከከ። «ክፍት» እና «ዝግ» የሚለውን አረንጓዴና ቀይ ጽሑፍ የሠራው እሱ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ተደብቀን ነው ብለው አምነው እንደሆነ፣ ቤት እንደሌለው፣ አባቱም ታመው እንደሞቱ አንድ በአንድ ተናዘዘ።

«ቀና በል» አሉ አቶ ምንይችል። «መጀመሪያ እኔም መስማቴን አልደበቅሁም። እንሰማችኋለን እኮ፣ እንሰማችኋለን እኮ እያልኩ እጄ እስኪዝል እያወናጨፍኩ ጮኽሁ። ኋላ ባለቤቴ ዝም በል፣ ጥሩው እየመጣ ነው አለችኝ። ስስታም መባሌንም አብሬ ሰማሁ።»

ጋሽ ተሻለ ወንበሩ ውስጥ አነሱ።

«አሁን ፍርዴን ስሙ» ብለው ቀጠሉ። «አረንጓዴ ሲሆን ያመጣችሁልኝን ልጅ አልወደድኩትም። ቤት አለው፣ ትሑት ነው፣ እንዲህ ያለውን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ቀይ ሲሆን ያማችሁትን ልጅ ግን ወድጄዋለሁ። አባቱን ያጠበ እጅ ልጄን አይጥላትም። ሰጥቻለሁ። ድልድዩ ሲጠገን ኑና ቀን እንቁረጥ።»

ከስልኩ ኋላ እልልታ ቀለጠ። የእናንዬ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። አቶ ውባንተ የዓመት ድርሻቸውን ተናግረው ስለጨረሱ በዝምታ ዓይናቸውን ጠረጉ። ይበልጣል ግን ገና እንደተንበረከከ ነው፤ እልልታው ጋብ ሲል አቶ ምንይችል ጠሩት።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ይህን ቀይ ነገር ከማን ጋር ሞከርከው?»

«ብቻዬን፣ አባባ። ሃያ ጊዜ።»

«ከወዲህ ሆኖ የሚያዳምጥህ አንድ ሰው ሳታስቀምጥ?»

«ሳላስቀምጥ» አለ ይበልጣል። አቶ ምንይችል እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሲበቃቸው ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ ከዚያ ወዲያ አገር ሁሉ የሚደጋግመውን ተናገሩ፦ «እንግዲህ ልጄ ሆነሃልና ያዛት፤ በር መዘጋቱን በእጅ፣ አፍ መዘጋቱን በወዳጅ።»