እሜቴ ሬዲዮና አያ ቴሌቪዥን በአንድ አንቴና

ጆሮ ያለው ይምጣ፤ የሌለው ተውሶ ይምጣ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል የልጅ እናት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ባሏ ሽታሁን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንድ ክረምት የሄደበትን የቁልቁለት መንገድ ናዳ ደፈነው፤ የሽታሁንም ስልክ አልነሣ አለ። ስለ መንገዱ ዜና ሊነገር ነው። ቤቷ ያለው አንቴና ግን አንድ ብቻ!

"ለእኔ ስጪኝ!" አለ አያ ቴሌቪዥን። "መንገዱን በዓይንሽ አሳይሻለሁ።"

"ለእኔ እንጂ!" አለች እሜቴ ሬዲዮ። የራሷን አንቴና የማንጠግቦሽ ሕፃን ሰብራባት በምትኩ ሹካ ተሰክቶላታል። "በሹካ እህል እንጂ ወሬ አይያዝም፣ ልጄ!"

ማንጠግቦሽ ዓይኗን አመነች። ልጇን አዝላ፣ አንቴናውን በረንዳ ላይ አቁማ ለቴሌቪዥኑ ቀጠለችው። ወደ ግራ አዞረች።

"መጣ?"

"መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!" አለ አያ ቴሌቪዥን ከውስጥ።

ወደ ቀኝ አዞረች።

"አሁንስ መጣ?"

"ጭንቅላት መጣ፣ እግር ቀረ!"

በሦስተኛው፣ በእጇ ይዛ ከፍ አደረገችው።

"ጥርት አለ! እንዳትነቃነቂ! ይኸው መንገዱ፣ ይኸው መኪኖቹ!"

"የሽታሁን መኪና አለች?"

"እኔ አሳያለሁ እንጂ ሰው አላውቅም! መጥተሽ እዪ!"

አንቴናውን ለቃ ሮጠች። የቴሌቪዥኑ መስኮት ነጭ ጉንዳን የወረረው መስሎ ሽሽሽ ይላል። ተመልሳ ያዘች፣ ጠራ። ለቀቀች፣ ጠፋ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?" አለችው አንቴናውን።

"ደግፊኛ! ሙሽራ ያለ ሚዜ ይቆማል?"

"አሁንስ አበዛችሁት!" ብላ ጮኸች። "ባሌን ብፈልግ ሚዜ አደረጋችሁኝ!"

የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀለች። የአንቴናውን ሽቦ ጎትታ ሹካው ላይ ጠመጠመችው።

"ኧረ ማን ይያዘኝ?" አለ አንቴናው።

"ሹካው ይያዝህ!"

እሜቴ ሬዲዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ናዳው ተጠርጓል። ቆመው የነበሩት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉም ደህና ናቸው። መኪኖቹም ማለፍ ጀምረዋል።"

ማንጠግቦሽ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

"ሳታዪ አመንሽ?" አለ አያ ቴሌቪዥን አኩርፎ።

"አንተን አንቴናውን ይዤም ለቅቄም ማየት አልቻልኩም። እሷን ግን እጄን አጣጥፌ ሰማኋት። አርፈህ ተቀመጥ!"

የማያዩትን ደግፎ ከመቆም፣ ቁጭ ብሎ መስማት።

ተረቴን መልሱ፣ አያ ቴሌቪዥንን ግን እንዳትቀሰቅሱ።