አንዲት ፍሬ፣ ሦስት እጅ

እኔ አንዴ የሰማሁት ነገር ከራሴ ወጥቶ አያውቅም። እናትሽ የተወለደች ቀን አዋላጇ የለበሰችውን ቀሚስ ብትጠይቂኝ አበባውን ሳይቀር እነግርሻለሁ። ስለዚህ «አያቴ፣ ይቺን ከራስሽ ጨመርሽባት» እያልሽ እንዳታቋርጪኝ። ስሚ።

በአንድ ወቅት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ አሰገደች ዳቦ ቤት አላት፤ አፍንጫዋ ቡኮ መድረሱን ከመንገድ ማዶ ይለያል። መሐለኛው ጥጋቡ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቀስ ብሎ መንዳት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ትንሿ ምንትዋብ ፎቶ ቤት ትሠራለች፤ ለሠርጓ ብላ ያሳደገችው ጸጉሯ ወገቧን አልፎ ልትቀመጥበት ደርሷል። ሦስቱም እናታቸውን ይወዷታል። እንዴት መሰለሽ ግን የሚወዷት? በመስኮት! አሰገደች ጠዋት «እማዬ አደርሽ?» ትልና ዳቦውን አቀብላ ትሮጣለች። ጥጋቡ በደጅ ሲያልፍ ክላክስ ይነፋላታል። ምንትዋብ ማታ ከአጥሩ ማዶ እጇን ታውለበልባለች። ዘርፌ መደቧ ላይ ቁጭ ብላ ለመስኮቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ትውላለች። መስኮቱ ደኅንነቷን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

አንድ ክረምት ዘርፌ ድክም ድክም አላት፤ እህልም አስጠላት። ያን ጊዜ የእህቷ ልጅ ሰናይት፣ አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ የሆነችው፣ ከብራዚል ስትመለስ የብራዚል ለውዝ ይዛ መጣች። ፍሬዋ እንደኛ ለውዝ እንዳትመስልሽ፤ የአውራ ጣትሽን ግማሽ ታህላለች፣ ነጭ ናት፣ ስትነክሻት ቅቤ ቅቤ ትላለች።

«ለልብ ጥሩ ነው፣ ለእንቅርት ዕጢም፣ በሽታ ለመከላከልም» አለች ሰናይት። «ግን በቀን አንድ ፍሬ ብቻ!»

ጥንቁቅ ልጅ ናት። አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል ብላ ለሦስቱም ልጆች ለየብቻ አንዳንድ ከረጢት ሰጠቻቸው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዳቸውን ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ «የማምነው አንቺን ነው»፣ «የማምነው አንተን ነው» አለቻቸው። ይኼ ነው ጥንቃቄ ማለት፣ የኔ ልጅ!

በማግስቱ አሰገደች መስኮቱን ትታ በበር ገባች። መደቡ ላይ ተቀመጠች። «አፍሽን ክፈቺ እማዬ።» አንድ አጎረሰቻት። እሺ፣ እናትሽን አንድ አጉርሰሽ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ? ምን ተጣልተሽ? «በሞቴ፣ ይቺን ደግሞ!» ሁለት። «ይቺ የአባዬ ናት፣ እንዳትመልሺያት።» ሦስት።

ቀትር ላይ ጥጋቡ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። «እማ፣ አፍ!» አለ፤ እሱ ንግግር አያበዛም። አንድ። «እኔ ልሙት!» ሁለት። ሦስተኛዋን ያለ ምንም ማመካኛ ጨመረላት፣ ወንድ ልጅ አይደል።

ማታ ምንትዋብ መጣች። ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ አስደግፋ እያወራች፣ እየሳቀች፣ ስንት እንዳጎረሰቻት ራሷም አታውቅ።

«ዛሬ በልተሻል ወይ?» ብለው ሲጠይቋት ዘርፌ ምን ትላለች? «ካንቺ በቀር ማን አለኝና!» «ካንተ በቀር ማን ያስበኛል!» አየሽ ውሸት? ዘርፌ ሞኝ አልነበረችም። ግን ከንፈሯ ጋ የሚደርሰው እጅ ከኋላው ልጇን ይዞ ይመጣል። መደቡ ይሞቃል። ጥጋቡ ስለ ተሳፋሪዎቹ ያወራላታል፤ አሰገደች እግሯን ታሻሻለች። እንዲህ ካለ ነገር ላይ «በቃኝ» ብሎ የሚነሳ ሰው ካለ አሳዪኝ።

ውሎ አድሮ ጎረቤቷ ከድጃ ሹሩባ ልትሠራት ተቀመጠች። ሚዶውን ገና ሳብ ስታደርገው ጸጉሩ ተከትሎት መጣ።

«ኧረ ዘርፌ፣ ጸጉርሽ ጥሎሽ ሊሄድ ነው!»

«ዝም በይና ሥሪ።»

«ምኑን ልሥራው? ጥፍርሽስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተሰነጣጠቀው? ደግሞ አፍሽ... ነጭ ሽንኩርት ቤት ነው እንዴ የምታድሪው?»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ዘርፌ፤ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አሰረች። ሆዷም ይገለባበጥባት ነበር። ግን ብትናገር ከረጢቶቹ ይታሰራሉ፤ ከረጢቶቹ ከታሰሩ ደግሞ ያ መስኮት አለ። እና በማግስቱም አፏን ከፈተች።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሰገደች በአፍንጫዋ ደረሰችበት። አንድ ጠዋት ስታጎርሳት ሸተታት። ድስቱን ከፈተች፣ ነጭ ሽንኩርት የለም። ጓዳውን በረበረች፣ የለም። ወንድምና እህቷን ዳቦ ቤት ጠርታ «ማነው እናቴን ሽንኩርት የሚያበላት?» ብላ ጮኸች። ምንትዋብ «እኔ ይቺን ብቻ ነው የማጎርሳት» ብላ ከረጢቷን አወጣች። ጥጋቡም አወጣ። አሰገደችም ራሷ። ሦስት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተፋጠጠ። ያኔ አሰገደች ሦስቱንም አንስታ እሳቱ ውስጥ ወረወረችው፣ የራሷን አስቀድማ። የዚያን ቀን ዳቦ የበላ ሁሉ ምን ጨመርሽበት እያለ ሲጠይቅ ከረመ።

ጥጋቡ ደግሞ አንድ ነጭ በግ የያዘ ሰው አሳፍሮ ነበር የተጠራው። ሰውየውን አወረደ፤ በጉን ማውረድ ግን ረሳ። «አልሄድም፣ ደኅና ነኝ» ያለችውን እናቱን አቅፎ አስገባና በረረ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ዘርፌ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ጥቁሩ በግ ጭኗ ላይ ነው፤ «ነጭ ነው አላልሽም?» እንዳትዪኝ፣ እኔ አልረሳም። ሐኪሙ ሁለቱንም አየና «የትኛው ነው የታመመው?» አለ። ጥጋቡ ግን አልሳቀም። ሰው ሁሉ እየሰማ «ያሳመምኳት እኔ ነኝ ዶክተር፤ በቀን ሦስት አጎርሳታለሁ፣ እህቶቼም እንደዚያው» አለ። ያን ባይናገር ሐኪሙ ነገሩን ከየት ያውቀዋል?

«ፍሬዋ ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን አላት» አለ ሐኪሙ። «ሰውነት ይፈልገዋል፣ ግን ጥቂት። አንዷ ፍሬ ብቻዋን ለቀኑ ትበቃለች፣ አንዳንዴም ትተርፋለች። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ጸጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰብራል፣ ሆድ ያውካል፣ አፍን ነጭ ሽንኩርት ያሸታል። እማማ፣ ጸጉርዎ እስኪመለስ በዐይንዎ እንዳያዩዋት።»

ምንትዋብስ? ዘርፌ ከጤና ጣቢያ ከተመለሰች ወዲያ ከቤት አልወጣ አለች። ማኅበር ቀረች፣ ለቅሶ ቀረች። «በመላጣዬ የማን መሳቂያ ልሁን?» አለች። ጊዜ ይመልሰዋል ቢሏትም አልሰማ አለች፤ ምግብም ተወች። ምንትዋብ ማንንም አላማከረችም። ከድጃ ቤት ሄዳ ያን ለሠርጓ ያሳደገችውን ጸጉር ከሥሩ አስቆረጠች። ተጎንጉኖ ከሻሹ ሥር ተሰፋላትና ዘርፌ ወደ ማኅበሯ ወጣች። ሴቶቹ «ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ ያደገልሽ?» አሏት። ምንትዋብ ደግሞ እንደ ወታደር ተላጭታ ፎቶ ስታነሳ ዋለች። እጮኛዋ በሩን ከፍቶ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ምንትዋብ አለች?» ብሏታል። ይኼን አልጨመርኩም!

ጊዜው ሄደ፤ የዘርፌም ጸጉር እንደ ጫጩት ላባ ብቅ አለ። ጥፍሯ ዳነ። ሐኪሙ አያትና «አሁን አንዳንድ ቀን አንዲት ፍሬ ቢበሉ አይጎዳም። አንድ ማለት ግን አንድ ነው፣ ‹በሞቴ› የለበትም» አለ።

ሦስቱም መደቡ ላይ ተሰበሰቡ። «ከየት ይመጣል? ሁሉንም አቃጥዬው» አለች አሰገደች። ዘርፌ ቀስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። አንዲት ፍሬ! ያን ሁሉ ጊዜ ደብቃት ኖራለች፣ የኔ ሌባ።

ሦስት እጅ አንድ ላይ ተዘረጋ።

«እኔ ባላቃጥለው ዛሬ የት ነበረች?» አለች አሰገደች።

«አንቺ ሽንኩርት ስትፈልጊ ሐኪም ዘንድ ያደረስኳት እኔ ነኝ» አለ ጥጋቡ።

«እናንተ ሰውነቷን አዳናችሁ፤ እሷ ግን ከበራፏ እንኳ አልወጣ ብላ ነበር» አለች ምንትዋብ፣ ራሷን እያሻሸች።

«ሦስታችሁም ናችሁ ያሳመማችኋት!» አለች ከድጃ ከበሩ። «እሷም እያወቀች ዝም ብላለች። በገዛ እጇ ትብላ!»

ጥጋቡ ቢላ አምጥቶ ለሦስት ልክፈላት አለ። ዘርፌ እጁን መታችው። «ጉርሻ በቢላ? የውርስ መሬት ነኝ እንዴ?»

ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ ሦስቱንም አየቻቸው። ለአንዱ ብትሰጥ ሁለቱ ቅር ብሏቸው ወደ መስኮቱ ሊመለሱ ነው። ራሷ ብትበላትም ጨዋታው አለቀ። ሲከራከሩ ግን ምሳ ሰዓት አልፏል፤ አንዳቸውም አልተነሱም። የባጃጁ ቁልፍ እንኳ ተረስቶ መሬት ወድቋል።

እንግዲህ ንገሪኝ፤ ያወቀችው፣ ያደረሳት ወይስ ጸጉር ያለበሰቻት? ያቺን አንዲት ፍሬ ዘርፌን ማን ያጉርሳት? ወይስ እንደ ከድጃ በገዛ እጇ ትብላ ትያለሽ?

አሁን አትመልሺልኝ፣ አስቢበት። ማታ ትደውዪልኛለሽ፤ ዛሬ ማታ። ደግሞ «አያቴ ሰላም ነሽ» ብለሽ በጽሑፍ እንዳትልኪልኝ፣ በድምፅሽ ነው የምፈልገው። ረሳሁት እንዳትዪኝ፤ በእኛ ዘር የሚረሳ ሰው የለም።